ስለ ፈረስ ውርርድና በዕውቀት ስለሚገኝ ትርፍ

በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚደረገውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው በቶሎ አይረሳውም። ከጥንት ጀምሮ ሰባቱ ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፥ ባንጃ፥ አዘና፥ ዚገም፥ ኳኩራ፥ ቻራና መተከል ናቸው፤ ዛሬ በአስተዳደር አከፋፈል ስማቸውና ወሰናቸው ቢለዋወጥም በዚያ ቀን ግን ፈረሰኛው በየቤቱ ስም ተሰልፎ፥ ኮርቻውን በግላስ አስጊጦ፥ ጋማውን አበጥሮ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ የተመሠረተበትም ምክንያት በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው ይላሉ። ሰው ለሰው ሐውልት ማቆሙ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው፤ የፈረስን ውለታ ለማሰብ ማኅበር ያቆመ ሕዝብ ግን ብዙ አይመስለኝም።

በሜዳው ጉግስ አለ፤ ሽምጥ ግልቢያ አለ። የቀደመው ይሸለማል፥ እልልታም ይቀልጥለታል፥ የፈረሱም ወሬ እስከ ዳንግላ ገበያ ይደርሳል። የውርርድ ትኬት የሚቈረጥበት መስኮት ግን በዚያ ሜዳ እኔ አላየሁም። ነገሩም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ ጌታውን በፈረሱ ስም ሲጠራ ለኖረ ሕዝብ ፈረሱ ቢቀድም የሚያተርፈው ስምን ነው። ስምም በብር አይመነዘርም፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ ድረስ አልተመነዘረም።

ይህን ሁሉ የማነሣው አዲስ አበባ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ባለፈው ጥር ለበዓሉ መጥቶ ሳለ አንድ ጥያቄ ስለ ጠየቀኝ ነው። ልጁ የተማረ ነው፤ ሒሳብም ያውቃል። ከሜዳው ስንመለስ «ጋሼ፥ እርስዎ ሦስቱን ግልቢያ ማን እንደሚቀድም አስቀድመው ነገሩኝ፤ ሦስቱም እንዳሉት ሆነ። በውጭ አገር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባለ ብዙ ገንዘብ ይሆኑ ነበር» አለኝ። እኔም ስቄ «ቁማር አልጫወትም» ብዬ መለስሁለት። እርሱ ግን አልተወኝም። «ዕጣ መጣል ቁማር ነው፤ ዕውቀት ያለው ሰው ግን አይቆምርም፥ ይሠራል እንጂ። ነጋዴ ገበያውን ዐውቆ ያተርፋል፤ ፈረስ ዐዋቂስ ፈረሱን ዐውቆ ቢያተርፍ ኀጢአቱ ምንድር ነው?» አለኝ። በዚያ ማታ የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ በከተሞቻችን በእግር ኳስ ላይ የሚያወራርዱ ቤቶች በዝተው ከታዩ ወዲህ ብዙ የተማሩ ወጣቶች በዚሁ አሳብ ራሳቸውን ሲያጸድቁ ሰምቼአለሁና። ስለዚህ በርጋታ ላየው ወደድሁ።

አስቀድሞ ስለ ውርርዱ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩን ሳያውቁ የሚፈርዱ ሰዎች ብዙዎች ናቸውና። በ1867 እ.ኤ.አ. ዦዜፍ ኦሌር የተባለ ሰው በፓሪስ ከተማ አንድ የውርርድ ሥርዓት አወጣ፤ ፓሪ ሙቱዌል ይባላል፥ የእርስ በርስ ውርርድ ማለት ነው። የተወራራጆቹ ገንዘብ ሁሉ በአንድ ይከማቻል፤ አወራራጁ ድርሻውን ያነሣል፤ የቀረው በቀደመው ፈረስ ላይ ላስያዙት ሰዎች ይከፋፈላል። ይህ ሥርዓት ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ የአወራራጁም ድርሻ እንደየአገሩ ልማድ ከ100 ብር 15 ወይም 20፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ነው።

ምሳሌውን በእኛ ገንዘብ እናድርገው። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ብር ቢያስይዙ 1,000 ብር ይሆናል። አወራራጁ 200 ቢወስድ 800 ይቀራል። የቀደመው ፈረስ 40 ሰዎች የያዙት ፈረስ ቢሆን ለያንዳንዳቸው 20 ብር ይደርሳቸዋል፤ 5 ሰዎች ብቻ የያዙት ቢሆን 160 ብር ይደርሳቸዋል። እንግዲህ በመጀመሪያው ፈረስ ላይ ዘወትር የሚያስይዝ ሰው እንዳይከስር ብቻ ፈረሱ ከሁለት ግልቢያ አንዱን መቅደም አለበት። ሕዝቡ ግን በዚያ ፈረስ ላይ ያለው ተስፋ ከ100 40 ነው። ሕዝቡ ልክ ከሆነ ሁሉም ይከስራል፤ አወራራጁ ብቻ ያተርፋል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር የእኅቴ ልጅ ልብ ያለው አይመስለኝም። በዚህ ውርርድ ለማትረፍ ፈረስ ማወቅ አይበቃም። በእንጅባራ ሜዳ የቆመው ገበሬ ሁሉ ፈረስ ያውቃል፤ የባዝራውን ዘር፥ የድንጉላውን ዕድሜ፥ የጋላቢውን ክብደት፥ በዋዜማው የበላውን ገብስ ሳይቀር ይቈጥርልሃል። ሁሉም የሚያውቀው ፈረስ ቢቀድም ክፍያው ጥቂት ነው። የሚያተርፈው ሰው ሌላው ሰው ስለ ፈረሱ የተሳሳተውን ስሕተት የሚያውቅ ነው። የሚገዛው ፍጥነትን አይደለም፤ የተሳሳተ ዋጋን ነው። ዋጋውንም ያሳሳተው አንድ ሌላ ሰው ነው፤ ትርፉም የሚወጣው ከዚያ ሰው ኪስ ነው።

ይህን የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። ግሪፊዝ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈረስ ግልቢያ ውጤቶችን መርምሮ እንዳሳተመው ሕዝቡ የመቅደም ተስፋው እጅግ የመነመነውን ፈረስ ከሚገባው በላይ ይይዛል፥ ብዙ ጊዜ የሚቀድመውን ግን ከሚገባው በታች ይይዛል። ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ገንዘቡ ያለቀበት ሰው በመጨረሻው 10 ብር 20 ብር አይፈልግም፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍልበትን 160 ብር ይፈልጋል። ስለዚህ ደካማውን ፈረስ ይይዛል። ብልኁ ተወራራጅም በዚያ ሰው ጭንቀት ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ደግሞ በ1956 እ.ኤ.አ. ጆን ኬሊ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ ሰው ብልጫ በያዘበት ውርርድ ከገንዘቡ ምን ያህሉን ቢያስይዝ ሀብቱ እንደሚያድግ በሒሳብ አሳየ። አሸናፊው ያስያዘውን ያህል በሚያተርፍበት ውርርድ ከ100 ጊዜ 55 ጊዜ የሚረታ ሰው በያንዳንዱ ጊዜ ከገንዘቡ ከ100 10 ማስያዝ ይገባዋል፤ አብዝቶ ቢያስይዝ የሚረታበት ብልጫ እያለው እንኳ ሊደኸይ ይችላል። ብልጫ ከሌለው ግን ሒሳቡ የሚሰጠው መልስ ዜሮ ነው። ይኸውም አታስይዝ ማለት ነው። የዕድል ሒሳብ የተባለው ዕውቀት ራሱ በ1654 እ.ኤ.አ. ፓስካልና ፌርማ ሳይፈጸም ስለ ተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ገንዘብ አከፋፈል ሲጻጻፉ የተጀመረ መሆኑን ሳስብ፥ ቁማር የወለደው ልጅ አባቱን እንዲህ ሲመሰክርበት ማየት ያስገርመኛል።

በሥራ ላይ ያዋሉትም አሉ። ቢል ቤንተር የተባለ አሜሪካዊ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆንግ ኮንግ የፈረሶችን ታሪክ በኮምፒዩተር እየመረመረ እጅግ ብዙ ገንዘብ አግኝቶአል፤ ስለ ዘዴውም በ1994 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አሳትሞአል። በዚያ ጽሑፍ እኔን የደነቀኝ ነገር ሰውዬው በራሱ ስሌት ብቻ አለመመካቱ ነው። ሕዝቡ ያወጣውን ዋጋ ከራሱ ግምት ጋራ አስማምቶ ይጠቀምበት ነበር፤ የብዙ ሰው አስተያየት እርሱ ያላየውን ነገር ሊያይ ይችላልና። ትሕትና ነው ማለት ይቻላል፤ ትሕትናው ግን ያንኑ ሕዝብ ለመርታት ነው።

ስለዚህ የእኅቴ ልጅ ከአንድ ወገን እውነት አለው። በዕውቀት የሚያተርፍ ተወራራጅ በዓለም አለ፤ ተረት አይደለም። ደግሞ የዚህን ሰው ጠባይ ስናይ ሰነፍ ብለን ልንጠራው አንችልም። የሚያስይዘውንና የሚያገኘውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። ሲከስር የከሰረውን ለመመለስ ብሎ አይጨምርም። ሲረታ አይፈነድቅም። ዐሥር ጊዜ ተከታትሎ ቢረታ እንኳ በስሌቱ ይጸናል። የሚወደውን ፈረስ ስለሚወደው ብቻ አይዝም። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ውሎ አንድም ውርርድ ሳያደርግ ወደ ቤቱ መመለስን ይችላል፤ ይህም ከሁሉ የሚከብደው ነው ይላሉ። እስቲ አንባቢ ይፍረድ፤ ትዕግሥት፥ ራስን መግዛት፥ ቍጣንና ደስታን መቈጣጠር፥ ዕለት ዕለት ራስን መመርመር፥ ይህ ሁሉ በገዳም የሚሰበክ አይደለምን? እኔ ይህን ባሰብሁ ጊዜ ደነገጥሁ። መልካም ጠባይ ሁሉ በራሱ መልካም ነው ብለን የምናስተምር ሰዎች ይህን ሰው ምን እንለዋለን? ትዕግሥቱ የእውነት ትዕግሥት ነው። ነገር ግን አዳኝም አድብቶ ሲጠብቅ ይታገሣል።

የቤተ ክርስቲያን አሳብ በዚህ ነገር ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የሐዋርያት ቀኖና ተብሎ በሚጠራው ሥርዓት ኤጲስ ቆጶስም ቄስም ዲያቆንም በቁማርና በስካር የተያዘ እንደ ሆነ እንዲተው፥ እንቢ ቢል ከሹመቱ እንዲሻር ታዝዞአል። ሁለቱን በአንድነት መጥራቱ ልብ የሚባል ነው፤ ያስጨነቀው ነገር የገንዘቡ ማነስና መብዛት ሳይሆን የነፍስ መማረክ ይመስላል። ዕጣ ግን ሁልጊዜ አልተነቀፈም። በይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው፤ በመስቀሉም ሥር ወታደሮቹ ስለ ቀሚሱ የተጣጣሉት ዕጣ ነው። ዕጣው አንድ ዐይነት ነው፤ በአንደኛው ግን ማንም ምንም አልተቀማም፥ በሁለተኛው የተከፋፈሉት የሌላ ሰው ልብስ ነው።

ስለ ውርርድ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነግረን የሶምሶን ታሪክ ነው። በሠርጉ ጊዜ ለ30 ጓደኞቹ እንቈቅልሽ አቀረበላቸው፤ ውርርዱም 30 የበፍታ ልብስና 30 የክት ልብስ ነበረ። ከእርሱ በቀር ማንም ያላየውን ነገር እንቈቅልሽ ማድረጉ እንግዲህ ቅን ጨዋታ አልነበረም፤ በስውር ዕውቀት መወራረድ ነው። እነርሱም ደግሞ ሚስቱን በእሳት አስፈራርተው ምስጢሩን አወጡ፤ ስውሩን በስውር ረቱት። ከዚህ በኋላ ሶምሶን ዕዳውን እንዴት እንደ ከፈለ ታውቃላችሁ፤ ወደ አስቀሎና ወርዶ 30 ሰዎች ገድሎ ልብሳቸውን ገፍፎ አመጣ። የአስቀሎና ሰዎች በሠርጉ ላይ አልነበሩም፤ እንቈቅልሹንም አልሰሙም። ውርርዱን የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው። ከተወራራጆቹ ውጭ የሆነ ከፋይ በብዙ ውርርድ ውስጥ እንዳለ እኔ ራሴ ስላየሁ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውርርድ የሚለው ቃላችንም ቢሆን የቁማር ቤት ቃል አይደለም። በጥንቱ ሙግት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው ቃላቸው እውነት እንደ ሆነ በማር፥ በበቅሎ፥ በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ይከፍል ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን በፈረስ ሲወራረዱ ፈረሱን የሚያስይዙት ለቃላቸው መያዣ አድርገው ነው። ሰው የሚያውቀውን ነገር በአደባባይ ይናገራል፥ ንብረቱንም ከቃሉ ጀርባ ያቆማል። በፈረስ ግልቢያ የሚያተርፈው ተወራራጅ ግን የሚያውቀውን በአደባባይ ቢናገር ትርፉ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ሁሉም ያንኑ ፈረስ ይዞ ዋጋው ይወርዳልና። የእርሱ ዕውቀት የሚጠቅመው ሲሸሸግ ብቻ ነው። (የቀድሞው የሙግት ውርርድ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ዳኛው ከውርርዱ ተካፋይ ስለ ነበረ ሙግት ማሳጠር ጥቅሙ አልነበረም፤ በዚህስ የዛሬውን አወራራጅ ይመስላል።)

እዚህ ላይ የእኅቴ ልጅ የሚመልሰውን ዐውቃለሁ፤ «ገበሬስ ቢሆን አይወራረድምን?» ይለኛል። በአገራችን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለው ገበሬ መሬቱን ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎበት አራትና አምስት ዓመት ጠብቆ ከሰል አክስሎ ሲሸጥ ብዙ ሰው ተጠቀመ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በዛፉ ላይ በሽታ ገብቶበት ብዙ ተካይ ከሰረ። በእውነት ይህ ከውርርድ ምን ይለየዋል? እኔ የሚለይ ይመስለኛል። ዛፉ በደረቀ ጊዜ ከገበሬው ኪሳራ ያተረፈ ማንም የለም፤ ዛፉ ባደገም ጊዜ ገበሬው ስላተረፈ የከሰረ ጎረቤት አልነበረም። ነጋዴም ድንችን ከባንጃ ርካሽ ገዝቶ ባሕር ዳር ሲያስወድድ፥ ስግብግብ እንኳ ቢሆን፥ በመጨረሻ ድንቹን የሚበላ ሰው አለ። በውርርዱ ሜዳ ግን የሚበላ ነገር አልተጨመረም፤ 1,000 ብር ገብቶ 800 ብር ወጣ። ፈረሶቹ ያለ ውርርዱም ይጋልቡ ነበር።

ገንዘብን በአንድ ማከማቸት ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነም ከራሳችን ልማድ እናያለን። ዕቁብ ዕጣ ይጣልበታል፤ ነገር ግን ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል እንጂ የሚከስር የለም። ዕድር ገንዘብ ያከማቻል፤ ገንዘቡም የሚሄደው ሐዘን ወደ ደረሰበት ቤት ነው። የፈረስ ውርርድም ያከማቻል፤ ገንዘቡ የሚሄደው ግን ይበልጥ ወደሚያውቀው ነው። ሦስቱም ሣጥን አላቸው፤ ሦስቱም መዝገብ አላቸው። ሎተሪንስ ምን ትለዋለህ የሚለኝ ይኖራል፤ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ሎተሪ በአገራችን አለና። የዚያ ትርፍ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል፤ የሆንግ ኮንጉም የፈረስ ማኅበር ለበጎ አድራጎት ብዙ ገንዘብ ይሰጣል። ይህ የአወራራጁን ጉዳይ ያቀልለት ይሆናል፤ የእኅቴ ልጅ የጠየቀኝ ግን ስለ ተወራራጁ ነውና እተወዋለሁ።

ሁለት ባልንጀሮች ፈረስ እየወደዱ፥ ሁለቱም እኩል እያወቁ፥ ቢያጡት በማይጎዳቸው ገንዘብ ቢወራረዱ፥ የረታውም በዚያው ገንዘብ ጠጅ ቢጋብዝ፥ ይህን ስርቆት ብዬ ለመጥራት አልደፍርም። ጥብቅ የሆኑ መምህራን ይነቅፉኝ ይሆናል። ነገር ግን ከእንዲህ ያለ ውርርድ ማንም አይኖርበትም፤ አንድ ቀን ያገኘውን በሌላው ቀን ይመልሳልና። በውርርድ መኖር የሚወድ ሰው እኩያውን ማግኘት አይፈልግም። ከእርሱ የሚያንስ፥ የሚቸኩል፥ የሚጨነቅ፥ የሚኮራ፥ ወይም የሚያፍር ሰው ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ ሥራው ሥራ አይሆንም ነበር።

የሚያፍር ያልሁት በምክንያት ነው፤ ለእኅቴ ልጅም በዚያ ማታ ያልነገርሁት ይህን ነው።

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ከዳንግላ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ጥር 12 ቀን፥ የቃና ዘገሊላ ዕለት፥ የሁለት አጥቢያ ሰዎች ፈረስ ይጋልቡ ነበር። አንድ የልብ ወዳጅ ነበረኝ፤ ዳማ ድንጉላ ነበረው፤ ያ ፈረስ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀድሞአል። በዋዜማው እቤቱ ሄድሁ። ጠላ እስኪቀዳ ድረስ ፈረሱን ልይ ብዬ ብቻዬን ወደ ጋጣው ገባሁ። ፈረሱ የፊት ቀኝ እግሩን አሳርፎ ቆሞአል። ሰኮናውን በእጄ ብነካው ይፋጃል፤ እግሩንም ነጠቀኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከፈረስ ጋራ ያደግሁ ነኝና ምን ማለት እንደ ሆነ ዐወቅሁ። ከጋጣው ወጥቼ ጠላዬን ጠጣሁ፤ ስለ ዝናም፥ ስለ ግብር፥ ስለ ልጆች ተጫወትን፤ ስለ ሰኮናው ምንም አልተናገርሁም። ሲሸኘኝም ነገ እንገናኝ ተባባልን።

በማግስቱ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዘንድሮ ያንተ ዳማ አይቀድምም!» አልሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «በምን?» አለኝ። «በጊደር» አልሁ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ጥቂት ዝም ብሎ አየኝና «በጊደር» አለ። ምስክርም ቈጠርን። ዳማው እስከ ሜዳው እኩሌታ ድረስ ከሁሉ ፊት ነበረ፤ ከዚያ በኋላ የቀኝ እግሩ እያጠረ ሄደ። ጋላቢው ልጅ አለንጋውን አነሣ። ሦስተኛ ሆኖ ገባ። እንደ ገባም ያን እግሩን መሬት አላስነካም።

ጊደሯ እቤቴ መጣች። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ አፍሬ አልነበረም፤ በብልኃቴ ደስ ብሎኝ ነበር። የእኅቴ ልጅ ዛሬ የሚለውን ቃል ሳልሰማው በልቤ ብዬዋለሁ፤ ዐወቅሁ፥ ስለዚህ አተረፍሁ አልሁ። ዳማው ግን ከዚያ በኋላ አልጋለበም። ቆይቶ ሲድን ወደ ገበያ ጭነት ተጫነበት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በመንገድ ስንገናኝ እያነከሰ ያልፈኝ ነበር። በሁለት ዓመት ጊደሯ ወለደች። የንስሐ አባቴ መልሳት ስላሉኝ ላሚቱን ከነጥጃዋ እየነዳሁ ወደ ወዳጄ ቤት ሄድሁ፤ በዋዜማው በጋጣው ያየሁትንም ሁሉ ነገርሁት።

እርሱም «ዐውቅ ነበር» አለኝ። «ሰኮናው ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ታሞ ነበር፤ ማታ ማታ በሞቀ ውኃ ሳሽ ነው የሰነበትሁት። አንተም ጋጣ ገብተህ እንደ ወጣህ ልጄ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ተወራረድህ?» አልሁት።

«አንተ በሕዝብ ፊት ጮኸህ ስትጠራኝ ምን ልበልህ? ፈረሴ ታሞአል ልበል? ፈርቶ ነው ሊሉኝ?» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ምን እንደ ገዛሁ ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሰኮናው ያለኝን ዕውቀት የሸጥሁ ይመስለኝ ነበር። ስለ ሰኮናው ግን ሁለታችንም እኩል እናውቅ ነበር፤ እኔ ከእርሱ ይልቅ የማውቀው እርሱን ራሱን ነበር። በሰው ፊት እንቢ እንደማይል፥ ኩራቱ ከንብረቱ እንደሚበልጥበት ዐውቄ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ስለዚህ ነው። በዋዜማው ጠላውን እየጠጣን ብቻችንን ሳለን ውርርዱን ያላነሣሁትም ስለዚህ ነው፤ እቤቱ ብጠይቀው ኖሮ ስቆ ይተወው ነበር። ይህንም በዚያን ጊዜ ዐስቤበት እንደ ሆነ ወይም ሳላስበው እጄ እንደ መራኝ ዛሬም በእርግጥ ለመናገር አልችልም።

ላሚቱን አልቀበልም አለ። ብለምነውም እንቢ አለ፤ የተረታሁትን አልመልስም፥ በምስክር ፊት ነው የተረታሁት አለኝ። የንስሐ አባቴም ይህን በሰሙ ጊዜ ላሚቱን ከነጥጃዋ ለአንዲት ባልቴት እንድሰጥ አዘዙኝ፥ ሰጠሁ። ስለ ፈረሱ ግን ምንም አላዘዙኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ መኸር በገባ ቍጥር ወደዚያ ቤት አንድ ጭነት ገብስ እሰድድ ነበር። ወዳጄ ገብሱን እየተቀበለ ባዶውን ስልቻ በልጁ እጅ ይመልስልኝ ነበር፤ ለምን እንደምሰድደው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። በዘጠነኛው ዓመት ስልቻው ከነገብሱ ተመለሰ፤ ልጁም ዳማው እንደ ሞተ ነገረኝ።